«ሂል» ተራራ ነው፣ ኮረብታ ነው ወይስ ጋራ?

ሸንተረር፦
ሰላም የቃላት ወዳጆች። ስለ ስኮትላንድ የተራራ ጉዞ የተጻፈ ነገር ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። ጽሑፉ አ ቫይቸን የምትባል፣ ከመኪና መንገድ በጣም የራቀች ተራራ ስለመውጣት ነው። ተጓዦቹ ግን ተራራ አይሏትም። «ሂል» ነው የሚሏት። መዝገበ ቃላቱ ኮረብታ በል ይለኛል፣ ስጽፈው ግን አልጣመኝም። ከዚያ ደግሞ «ፎረስት»፣ «ቦቲ»፣ «ቢያላኽ» እያለ ይቀጥላል። እስቲ አግዙኝ።

ፊደል ቆጣሪ፦
ኮረብታ ምን ይጎድለዋል? ከፍታዋን አየሁት፣ 967 ሜትር ናት። አዲስ አበባ እኮ ከ2300 ሜትር በላይ ናት። የአገሪቱ ትልቁ ቤን ኔቪስ ራሱ 1345 ሜትር ነው። ለእኛ ሰው ይሄ ተራራ አይባልም።

የግላስጎው ሰው፦
ፊደል ቆጣሪ ወንድሜ፣ ቁጥሩ እንዳይሸውድህ። አዲስ አበባ ያለ ሰው 2300 ሜትሩ ላይ ተወልዶ ያድጋል እንጂ ሽቅብ አልወጣውም። እዚህ መነሻው ከባሕር ጠለል እምብዛም የራቀ አይደለም፣ ስለዚህ አብዛኛውን 967 ሜትር በራስህ ጉልበት ነው የምትወጣው፣ ያውም ከብዙ ሰዓት የእግር ጉዞ በኋላ። ከላይ ስትደርስ ዛፍ የለም። መጠለያ የለም። ነፋሱ ቆመህ እንድታወራ አይፈቅድልህም።

እዚህ አገር ሰው ትልቁንም ትንሹንም «ሂል» ይላል። «ቅዳሜ ሂል እወጣለሁ» ያለህ ሰው ልጆቹን ይዞ ሊንሸራሸር ሊሆን ይችላል፣ በክረምት በረዶ በመዶሻና በገመድ ገደል ሊወጣም ይችላል። አጋዘን አዳኙም ሥራ ላይ መሆኑን ሲነግርህ «ሂል ላይ ነኝ» ነው የሚለው። ቃሉ ከፍታ አይለካም። ለዚህ እኔ ጋራ እላለሁ። «ጋራ ሸንተረሩን አቋርጦ መጣ» ስንል ስንት ሜትር ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ጋራ ያደግንበት፣ ከደጃፋችን የምናየው፣ ከብት የምናግድበት ነው። ስኮቶቹም «ሂል» ሲሉ ድምፃቸው ውስጥ እንዲህ ያለ ቅርበት አለ።

ከፍታ ሲለኩ ሌላ ቃል አላቸው፣ ሙንሮ። ሰር ሂዩ ሙንሮ የሚባሉ ሰው በ1891 ከ3000 ጫማ፣ ማለትም ከ914.4 ሜትር በላይ የሆኑትን የስኮትላንድ ተራሮች ዘርዝረው አሳተሙ። ስማቸው ለተራሮቹ መጠሪያ ሆኖ ቀረ። ዛሬ 282 ናቸው፣ ሁሉንም ለመውጣት ዕድሜ ልካቸውን የሚዞሩ ሰዎችም አሉ። እነሱን ሙንሮ ለቃሚዎች ብትላቸው ያስኬዳል። ለቀማ አንድ በአንድ እያነሱ መሰብሰቡን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። እዚያው አ ቫይቸን አካባቢ ቤን አ ኽላይቭ የሚባል አለ፣ የጎራዴው ተራራ ማለት ነው። በትክክል ሲለካ 913.96 ሜትር ሆኖ ተገኘና በ2012 ከዝርዝሩ ወጣ። በ44 ሳንቲ ሜትር! ሙንሮነቱን አጣ፣ ጋራነቱን ግን ማንም አልነጠቀውም።

ሸንተረር፦
ጋራን ወሰድኩ፣ አመሰግናለሁ። ተራራዋ ያለችበትን ቦታ ስም «ፊሸርፊልድ ፎረስት» የሚለውን ደግሞ «የፊሸርፊልድ ደን» ብዬዋለሁ። ይሄስ?

የግላስጎው ሰው፦
ቶሎ አጥፋው! እዚያ ደን የለም። ሄደህ ብታየው ድንጋይ፣ ሣር፣ ረግረግና ሐይቅ ብቻ ነው። «ፎረስት» በድሮው ሕግ ለባላባት አደን የተከለለ መሬት ማለት ነበር፣ ዛፍ ኖረም አልኖረም። በስኮትላንድ ያ ትርጉም ከነስሙ እስከ ዛሬ አለ። «የአጋዘን ማደኛ» ብትለው አንባቢህ ጥላ ፍለጋ አይንከራተትም።

አካባቢውን ታላቁ ምድረ በዳም ይሉታል። እሱንም ተጠንቀቅ። ምድረ በዳ ሲባል እኛ አሸዋና ጥማት ነው የሚታየን፣ እዚያ ደግሞ ውሃ ነው የሚበዛው። «ጭው ያለ አገር» ይሻላል። ርቀቷን ለመግለጽም «ሩቅ ጋራ» ብለህ አትለፍ። አገር ቤት ገበሬ «ስንት ሰዓት ያስኬዳል?» ተብሎ ሲጠየቅ እንደሚመልሰው መልስ። ስኮቶቹም የሚያሰሉት በሰዓት ነው። ኔይስሚዝ የተባሉ ተራራ ወጪ በ1892 ያወጡት ስሌት እስከ ዛሬ ይሠራል፤ ለየ3 ማይሉ አንድ ሰዓት፣ ለየ2000 ጫማው ሽቅብ ሌላ አንድ ሰዓት። ጭቃውንና ወንዙን አይጨምርም። እኔ ብሆን «የሙሉ ቀን መንገድ» እላት ነበር።

የደጋ ልጅ፦
አ ቫይቸን ራሱ ምን ማለት ነው? ስሟን እንዳለ ልትተወው ነው ወይስ ትተረጉመዋለህ?

የግላስጎው ሰው፦
እህቴ፣ ጥሩ ቦታ ነካሽ። ቋንቋው ጌሊክ ነው፣ የስኮትላንድ ተራራማ አገር ነባር ቋንቋ። «ማይቸን» ማለት ልጃገረድ ነው። መስተአምሩ ከፊት ሲመጣ የመጀመሪያዋ «ም» ወደ «ቭ» ትለወጣለች። እኛ በመጨረሻ «ዋ» ጨምረን ልጃገረዷ እንደምንለው፣ እነሱ ከፊት ጨምረው ድምፁን ይቀይሩታል። ሌላም ነገር አለ። በጌሊክ አገር በአጨዳ ጊዜ የመጨረሻዋን ነዶ «ማይቸን» ይሏት ነበር፣ እንደ ሴት ልጅ አስጊጠው ቤት ውስጥ ይሰቅሏታል። የተራራዋን ስም ከዚያች ነዶ ጋር የሚያያይዙ አሉ። አማርኛው ሁለቱንም ባንድ ቃል አይሸከምም፣ ስለዚህ ስሙን እንዳለ ትቶ አንድ ዓረፍተ ነገር ማብራሪያ መጨመር ነው የሚሻለው።

የቀለም ስሞች ግን ደስ ይላሉ። ጎረቤቷ ሩአ ስታክ ሞር ነው። «ሞር» ትልቅ ነው፣ «ስታክ» ቀጥ ብሎ የቆመ ቁልል ነው፣ «ሩአ» ደግሞ ቀይ ተብሎ ይተረጎማል። ግን ደም የሚመስለው ቀይ አይደለም፣ ለእሱ «ጄራክ» የሚል ሌላ ቃል አላቸው። «ሩአ» የሰው ፀጉር፣ የእንስሳ ጠጉር፣ ቡናማ የሚቀላቅለው ቅላት ነው። የፈረስ መልክ የሚያውቅ አማርኛ ተናጋሪ መልሱን ወዲያው ያገኛል፤ ዳማ! የሩአ ስታክ ሞር ድንጋይ ከአ ቫይቸን ግራጫ ድንጋይ አጠገብ ሲታይ እውነትም ዳማ ነው። ጠዋት ፀሐይ ሲያርፍበት ልዩነቱ ከሩቅ ይታያል።

ፊደል ቆጣሪ፦
ዳማን ወድጄዋለሁ፣ እጅ ሰጥቻለሁ። ኬርንጎርም የሚባለው የስኮትላንድ የተራራ ሰንሰለት ታዲያ ሰማያዊ ጋራ ነው?

የግላስጎው ሰው፦
«ጎርም» ሰማያዊ ነው፣ ግን የለመለመ ሣርም «ጎርም» ይባላል። የነሱ ቀለም የሚከፈልበት ድንበር ከኛ ይለያል። የሚገርመው የዚያ ሰንሰለት የድሮ ስም «አም ሞና ሩአ» ነው። ዳማዎቹ ጋራዎች እንደማለት ነው። ከሩቅ ሰማያዊ፣ ከቅርብ ዳማ።

አንድ አዛውንት፦
ልጆች፣ ቦቲ የተባለውን ዘለላችሁት። ጎጆ ነው የሚባለው?

የግላስጎው ሰው፦
ጋሼ፣ ጎጆ ሲባል የሣር ክዳንና ባለቤት አብረው ይመጣሉ። ቦቲ የድንጋይ ቤት ነው፣ ድሮ እረኛ ወይም የእርሻ ሠራተኛ ያድርበት የነበረ። አሁን ማንም የለበትም። በሩ አይቆለፍም፣ ክፍያ የለውም፣ መብራት የለውም፣ ውሃ ከወንዝ ነው የሚቀዳው። በ1965 የተቋቋመ የበጎ ፈቃደኞች ማኅበር 100 ያህሉን እየጠገነ ይጠብቃል። ወደ አ ቫይቸን የሚሄዱት ብዙዎቹ ሼናቫል በሚባለው ያድራሉ። ሲገቡ ወለሉ ሲሚንቶና ሳንቃ ነው፣ ሰው ትቶት የሄደ ግማሽ ሻማ ጠርሙስ አፍ ላይ ተተክሎ ይገኛል፣ ጥግ ላይ መጥረጊያ ቆሟል። ጠርገህ ትወጣለህ።

አንድ አዛውንት፦
እንዲህ ከሆነማ ቃሉ አለን። በእኛ ጊዜ መንገደኛ ሲመሽበት ደጅ ቆሞ «የመሸበት እንግዳ አሳድሩ» ይላል፣ ከውስጥ «ቤት የእግዚአብሔር ነው፣ ግባ» ይሉታል። «የመሸበት ማደሪያ» በለው ልጄ።

ሸንተረር፦
ጋሼ እጅ ነስቻለሁ። ይሄን ብፈልግ ብፈልግ አላገኘውም ነበር። «ቢያላኽ»ስ?

አንድ አዛውንት፦
በሁለት ተራራ መካከል ማለፊያ ከሆነ በር ነው። ጣርማ በር ማለት ሌላ ምንድን ነው?

ሸንተረር፦
የመጨረሻ ጥያቄ። ከሼናቫል ወጥተው ወንዝ ይሻገራሉ፣ ከዚያ ረግረግ፣ ከዚያ ሌላ ወንዝ። «ረግረግ» ብቻ ሲደጋገም ጽሑፉ ደረቀብኝ።

የግላስጎው ሰው፦
«ከድጡ ወደ ማጡ» የሚለውን ቃል በቃል የምትጠቀምበት ብርቅ ቦታ ይሄ ነው! ድጥ የሚያዳልጠው ጭቃ ነው፣ ማጥ እግር ይዞ የሚያስቀረው። ከመጀመሪያው ወንዝ ወጥተህ ዳሩ ድጥ ነው፣ መሀል ሜዳው ማጥ ነው፣ ጥቁር አፈሩ ውስጥ እስከ ቁርጭምጭሚት፣ አንዳንዴ እስከ ጉልበት ትገባለህ፣ እግርህን ስትነቅል ጫማህ እዚያው ሊቀር ይፈልጋል። ሁለተኛው ወንዝ ስሙ የአሳማ ሸለቆ ወንዝ ነው። ሁለቱም ላይ ድልድይ የለም። በጠዋት ቁርጭምጭሚት የነበረው ውሃ ዝናብ ከጣለ ከሰዓት በኋላ ወገብ ይደርሳል፣ ተጓዡም ማዶ ታግዶ ያድራል። «ጎርፍ» አትበለው፣ ጎርፍ መሬት ጠርጎ የሚሄደው ነው። «ወንዙ ሞላ» ይበቃል፣ አገሬው ሁሉ ይረዳዋል። «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የሚለውንም ብታስገባ ቦታው ነው፣ ምክንያቱም እዚያ ሰው የሚወሰደው ጥልቅ በሚመስለው ቦታ ሳይሆን ጠጠሩ እየታየ በሚፈሰው ላይ ነው።

የአየሩን ቃላትም ላቀብልህ። «ስመር» የሚሉት ካፊያ ነው፣ ፊት ላይ ካልሆነ የማይታወቀው ዓይነት። «ድሪኽ» ለሚሉት ቀን የጨፈገገ በል፤ ለሰው ፊትም ለሰማይም ስለምንለው ስሜቱ አይጠፋም። «ሚጅ» ደግሞ ትንኝ ነው። ቢንቢ እንዳትለው፣ ቢንቢ ያልክ እንደሆነ አንባቢህ ወባ ይታየዋል። ይሄኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ነፋስ በሌለበት ሰዓት በመንጋ የሚወጣ ነው፣ ነፋስ ከመጣ ይጠፋል።