ሂዴዎ ኖሞ በ26 ዓመቱ ጫማውን ሰቀለ የተባለው ለምንድን ነው?

የጅማው መምህር፦
የተከበራችሁ ተሳታፊዎች፣ ጅማ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሰውነት ማጎልመሻ አስተምራለሁ። ለተማሪዎቼ ስለ ቤዝቦል ማብራሪያ ሳዘጋጅ የጃፓናዊውን ኳስ ወርዋሪ የሂዴዎ ኖሞን ታሪክ አነበብሁ። ሰውየው በ1995 (እ.ኤ.አ.) መግቢያ ላይ፣ ገና በ26 ዓመቱ፣ ከጨዋታ ዓለም በይፋ ተሰናብቶ ሳለ በዚያው ዓመት በአሜሪካ ሲጫወት መታየቱ ግራ አጋብቶኛል። በተጨማሪም፣ በ1996 ዴንቨር ላይ ያደረገው ጨዋታ ከሌሎቹ ሁሉ ተለይቶ የሚወደሰው ለምን እንደሆነ የሚያስረዳኝ ባገኝ ደስ ይለኛል።

ሂርማታ፦
መምህር፣ የመጀመሪያው ጥያቄዎ መልስ ያለው በውል ሕጉ ውስጥ ነው። ኖሞ በ1990 ለጃፓኑ ቡድን ለኪንቴትሱ ቡፋሎስ መጫወት በጀመረበት ዓመት 18 ጨዋታ አሸንፎ፣ 287 መቺዎችን በስትራይክ አውት (ሦስት ጊዜ ሙከራቸውን አምክኖ ከመምቻው ቦታ በማስወጣት) አሰናብቶ፣ የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋችም የሊጉ ኮከብም ሆኖ ተመርጧል። ይሁን እንጂ በዚያን ጊዜ አንድ ተጫዋች በነፃነት ቡድን ለመቀየር አሥር ዓመት ማገልገል ነበረበት፤ እሱ ደግሞ ያገለገለው አምስት ዓመት ብቻ ነበር።

በመካከሉ ትከሻው ተጎዳ። ሐምሌ 1 ቀን 1994 (እ.ኤ.አ.) ከሴይቡ ላየንስ ጋር ባደረገው ጨዋታ 16 መቺዎችን ያለ ምት ወደ አንደኛው ማዕዘን እንዲያልፉ ፈቅዶ፣ 191 ኳስ ወርውሮ ጨዋታውን እስከ መጨረሻው ይዞ አሸንፏል። ዛሬ አንድ አሠልጣኝ መቶ ገደማ ሲደርስ ወርዋሪውን መቀየር እንደሚያስብ ልብ ይሏል! አሠልጣኙ ኬይሺ ሱዙኪ ራሳቸው በወጣትነታቸው 317 ጨዋታ ያሸነፉ ወርዋሪ ስለነበሩ፣ ብዙ መወርወር ክንድን ያጠነክራል ከሚሉት ወገን ነበሩ።

በዓመቱ መጨረሻ ኖሞ የብዙ ዓመት ውል ቢጠይቅና በወኪል በኩል ልደራደር ቢልም ቡድኑ አልተቀበለውም። ወኪሉ ዶን ኖሙራ ግን ደንቡን ሲመረምር ቀዳዳ አገኘ፦ በፈቃዱ የተሰናበተ ተጫዋች ያለ ቀድሞ ቡድኑ ፈቃድ ለሌላ የጃፓን ቡድን መጫወት አይችልም፤ ስለ ውጭ አገር ቡድን ግን ደንቡ የሚለው ነገር የለም። ኖሞም ተሰናበተና በየካቲት ወር ከሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ጋር ፈረመ፤ ለፊርማው 2 ሚሊዮን ዶላር ተከፈለው። እንደ እኔ አስተያየት ከጠቅላላ ድሎቹ ይልቅ በጃፓን ስፖርት ላይ ለውጥ ያመጣው ይህ እርምጃው ነው፤ ቀዳዳው ተደፍኖ፣ በ1998 የሁለቱ አገሮች ሊጎች ተጫዋች በክፍያ የሚዛወርበትን ሥርዓት ለመዘርጋት ተስማምተዋልና።

የቦሳ ልጅ፦
በሂርማታ መልስ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ኖሞን በአሜሪካ ዋና ሊግ የተጫወተ የመጀመሪያው ጃፓናዊ አድርገው የሚያቀርቡ አሉ፤ ማሳኖሪ ሙራካሚ ግን በ1964 ለሳን ፍራንሲስኮ ጃያንትስ ወርውሯል።

ስለ ዴንቨር፦ ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። እኛ ጅማ ከ1,700 ሜትር በላይ ላይ ስለምንኖር ቁጥሩ አያስደንቀን ይሆናል፤ ነገር ግን አብዛኞቹ የአሜሪካ ሜዳዎች ከዚያ እጅግ ዝቅ ያሉ ናቸው። አየሩ በሳሳ ቁጥር የተመታ ኳስ ርቆ ይበርራል፤ በሽክርክሪት የሚታጠፍ ኳስ ደግሞ የሚደገፍበት አየር ስለሚያንሰው በሚገባ አይታጠፍም። ስለዚህ ሜዳው ለመቺ ገነት፣ ለወርዋሪ ፈተና ነው። መስከረም 17 ቀን 1996 (እ.ኤ.አ.) ኖሞ በዚያ ሜዳ ኮሎራዶ ሮኪስን አንድም ምት ሳያስመታ 9 ለ 0 አሸነፈ፤ በዚያ ሜዳ ይህን ያደረገ ሌላ ወርዋሪ የለም። በዝናብ ምክንያት ጨዋታው ዘግይቶ፣ የሚወረውርበት ጉብታም ረጥቦ ስለነበር፣ ጀርባውን ለመቺው እስኪሰጥ ድረስ የሚዞርበትንና «ቶርኔዶ» የተባለለትን አወራወር ትቶ በአጭር እንቅስቃሴ ወረወረ።

የጅማው መምህር፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ሳሳው አየር ኳሱን እንዳይታጠፍ ካደረገው፣ የእሱ ኳስ እንዴት ሠራለት?

የቦሳ ልጅ፦
ዋና መሣሪያው በጠቋሚና በመካከለኛ ጣት መካከል ተይዞ የሚወረወረው ፎርክቦል ነበር። ይህ ኳስ የሚሽከረከረው በጥቂቱ ስለሆነ፣ መቺው ዘንድ ሲደርስ ቁልቁል የሚወርደው በአብዛኛው በመሬት ስበት ነው፤ ስበት ደግሞ ዴንቨርም ሆነ ጅማ ያው ነው። ለተማሪዎችዎ በቴኒስ ኳስ ሊያሳዩአቸው ይችላሉ።