ሊኑክስ ላይ የቱን ኤዲተር (ኮድና ጽሑፍ መጻፊያ ፕሮግራም) ትመርጣላችሁ?

ኪቶዋ፦
ሰላም እንዴት ናችሁ፣ ጅማ ኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ ነኝ። ላፕቶፔ ራሙ 4 ጊጋ ብቻ ስለሆነ ዊንዶውሱን አጥፍቼ ኡቡንቱ ሊኑክስ ጫንኩበት፣ እሱስ አሪፍ ነው ግን ቪኤስ ኮድን ከብራውዘር ጋር ስከፍተው ስታክ ያደርጋል። ለጊዜው ናኖ ነው የምጠቀመው፣ ባትሪዬ ደግሞ ስለሞተ መብራት እልም ሲል ሴቭ ያላደረግኩት ሁሉ አብሮ ይሄዳል። የምጽፈው ፓይተን ነው፣ አማርኛ ጽሑፍም እሠራለሁ። እናንተ የቱን ትላላችሁ፣ ለምንስ?

ሄርማታ፦
እህቴ ቪም ልመጂ። መጀመሪያ ያስቸግራል አልዋሽሽም፣ ግን ላንቺ ችግር እሱ ነው መድኃኒቱ። ፋይል ስትከፍቺ ከጎኑ ስዋፕ የሚባል ድብቅ ፋይል ይፈጥርና 200 ፊደል በጻፍሽ ቁጥር ወይም እጅሽን ለ4 ሰከንድ ካነሳሽ እዛ ላይ ያስቀምጥልሻል፣ መብራት መጥቶ ፋይሉን ስትከፍቺ ምን ላድርግ ብሎ ይጠይቅሻል፣ አር ተጫኚ፣ በቃ ይመልስልሻል። ራም ደግሞ ምንም አይበላም። ኡቡንቱ ይዞት የሚመጣው የተቀነሰው ቪም ስለሆነ ሙሉውን ጫኚና ቪምቲውተር በሚባለው መለማመጃው ጀምሪ፣ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅብሽ ነው። ብራም ሞለናር በ1991 ካወጣው ጀምሮ ነፃ ነው፣ ስትከፍቺው ራሱ ኡጋንዳ ያሉ ድሃ ልጆችን እርዱ ነው የሚልሽ፣ እኔ ይሄን ሰውዬ በጣም ነው የማከብረው፣ በ2023 ነው ያረፈው ነፍሱን ይማር።

ቡና_ጠጡ፦
ለፓይተኑ እስማማለሁ፣ ለአማርኛ ግን ቪም ያደክምሻል። ኪቦርዱ አማርኛ ላይ እያለ ኢስኬፕ ብለሽ ትዕዛዝ ልስጥ ስትዪ የምትነኪው ሁሉ የአማርኛ ፊደል ሆኖ ይገባል፣ ስለዚህ በየደቂቃው ኪቦርድ መቀያየር ነው። ቪም በሚከፈትበት ተርሚናል (ትዕዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ ደግሞ ፊደላችን ሰፊ ስለሆነ ይደራረባል ለማንበብም ያስጠላል። ኢማክስ የሚባለውን ኤዲተር በራሱ መስኮት ክፈቺው፣ የግዕዝ ፊደል መጻፊያ አብሮት ነው የሚመጣው ሌላ ነገር መጫን አያስፈልግም፣ አማርኛ እየጻፍሽም የኮንትሮል ትዕዛዞቹ እንዳሉ ይሠራሉ፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። እሱም በየመሀሉ በራሱ ሴቭ ያደርጋል። አዲስ ነገር መልመድ ካልፈለግሽ ኬት የሚባል ኤዲተር አለልሽ፣ ቀላል ነው፣ ስዋፕ ፋይልም አለው።

ኪቶዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁለታችሁም፣ ፓይተኑን በቪም አማርኛውን በኢማክስ ልሞክር። ሄርማታ፣ ፋይሉ ከተመለሰልኝ በኋላ ስዋፑ በራሱ ይጠፋል ወይስ እኔ ነኝ የማጠፋው?

ሄርማታ፦
አንቺ ነሽ። መጀመሪያ የተመለሰልሽን እይው፣ ልክ ከሆነ ሴቭ አድርገሽ ውጪ፣ ከዛ ፋይሉን ድጋሚ ስትከፍቺ ሲጠይቅሽ ዲ ተጫኚ። ሴቭ ሳታደርጊ ግን ዲ እንዳትነኪ።