አስቸኳይ፦ የሠራተኞቻችን ፌስቡክ ሼር ማድረግ እምቢ አለ

የፔጁ ልጅ፦ ሰላም ቤተሰብ፣ ኧረ ድረሱልኝ። ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ያለ አንድ የመንግሥት ጤና ጣቢያ የኮሙኒኬሽን ባለሙያ ነኝ። ዛሬ ጠዋት «ሠራተኛው ሁሉ የተቋሙ አምባሳደር ይሁን» ተባለ። ስለ ክትባት የተዘጋጀ ጽሑፍ በቴሌግራም ግሩፓችን ለቀቅኩ። ሁሉም ኮፒ አድርጎ በየፌስቡኩና በየሰፈሩ ግሩፕ ለጠፈው። ከምሳ በኋላ ግማሹ ሰው «ለጊዜው ይህን ማድረግ አይችሉም» የሚል መጣበት። አንዷ ነርስ ጭራሽ አካውንቷ አስወጥቷታል። አለቃዬ ነገ ጠዋት ስክሪንሾት ይፈልጋል። ምን ላድርግ?

ዳታ አለቀብኝ፦ አፑን አጥፋውና እንደገና ጫነው። ለኔ ሠርቷል።

የኮተቤው፦ ስክሪንሾቱ ከነውሎ አበሉ ነው ወይስ እንዲሁ በባዶ? ሃሃ

ጋሽ መዝገብ፦ ልጄ፣ ነገሩን ከሥሩ እንየው። እኛ በሠራንበት ዘመን ማስታወቂያ ቁጥር ወጥቶለት፣ ተፈርሞበት፣ ማኅተም አርፎበት ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ ነበር። ማን እንደጻፈው ይታወቃል። ዛሬ ሰው ያላነበበውን በስሙ ይለጥፋል። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012ን አንብባችሁታል? ሐሰተኛ መረጃው የተሰራጨው ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ከሆነ እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ አለው። ተጠያቂው የለጠፈው ሰው ነው። «አለቃ ልኮልኝ ነው» ማለት አያዋጣም።

የፔጁ ልጅ፦ ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ግን ጽሑፉ የክትባት ነው፣ ሐሰት የለውም። አሁን የጨነቀኝ ብሎኩ ነው።

ጋሽ መዝገብ፦ የዛሬው የክትባት ነው። የነገውስ? ለማንኛውም አንብበው ይለጥፉ ነው የምልህ።

ዳታ አለቀብኝ፦ አፑን አጥፍተህ ጫነው አልኩ እኮ።

ሞባይል ቤት ጀሞ፦ ኧረ ተው! ፓስወርዱን የረሳ ሰው አፑን ካጠፋ በምን ሊገባ ነው? ወንድሜ፣ ችግሩ ስልኩ አይደለም። አንድ ዓይነት ጽሑፍ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከብዙ አካውንት ብዙ ግሩፕ ላይ ሲወጣ ፌስቡክ ስፓም ነው ብሎ ያግደዋል። ራሱ ይለቀዋል፣ አንዳንዱን በሰዓታት፣ አንዳንዱን በቀናት። እስከዚያ ደጋግመው አይሞክሩ፣ ሊያስረዝመው ይችላል። ሴቲንግ ውስጥ ገብተው አካውንት ስታተስ የሚለውን ይዩ። ነርሷ ደግሞ አካውንቱ የተከፈተበት ስልክ ቁጥር በእጇ መሆኑን ጠይቃት። እኔ ጋ የሚመጣው ሰው ግማሹ ሌላ ሰው በሌላ ቁጥር የከፈተለት ነው። ኮዱ ማን ጋ እንደሚሄድ እንኳ አያውቅም።

ፈጣን አገልግሎት፦ በ500 ብር አስከፍታለሁ፣ ኢንቦክስ።

ሞባይል ቤት ጀሞ፦ ይሄን ሰው እንዳትሰሙት። ፓስወርድ ተቀብሎ አካውንቱን ይዞት ይሄዳል።

ሲስተር ከአባዶ፦ ይቅር በለኝ ወንድሜ፣ እኔ ጥያቄው ራሱ አልተዋጠልኝም። ብሎኩ ቢነሳ ነገም ያንኑ ልታስለጥፋቸው ነው። ፌስቡኬ የኔ ነው። አማቼም የትምህርት ቤት ጓደኞቼም እዚያ አሉ። «ተቋማችን የኅብረተሰቡን ንቃተ ጤና ለማጎልበት» ብዬ ብለጥፍ ማንም አያነበውም። ዳታውንም የሞላሁት ከኪሴ ነው።

እኔም ጤና ጣቢያ ነው የምሠራው። የኩፍኝ ክትባት በ9 ወር ይሰጣል፣ ሁለተኛው በ15 ወር። የ9 ወሩን እናቶች ያመጣሉ፣ የ15 ወሩን ይረሱታል። አንድ ማታ ይህንኑ በኮንዶሚኒየማችን ቴሌግራም ግሩፕ በራሴ አማርኛ ጻፍኩት። ማንም አላዘዘኝም። ጥያቄው እስከ እኩለ ሌሊት አላባራም። «ጉንፋን ቢይዘውስ?» «ጊዜው ቢያልፍስ?» ስለዚህ ፈቃደኛ የሆኑ ሁለት ሦስት ሰዎች ፈልግ። ሐሳቡን ስጣቸው እንጂ ጽሑፉን አትስጣቸው። የሕፃን ፎቶና የክትባት ካርድ እንዳይለጥፉ ግን ከወዲሁ ንገራቸው፣ ካርዱ ላይ ስም አለ። የማያውቁትን ሲጠየቁ «ነገ ጠይቄ እነግራችኋለሁ» ይበሉ።

የኮተቤው፦ ሲስተር ልክ ነሽ። እኛ መሥሪያ ቤት ላይክ አቴንዳንስ ሆኗል። ላይክ ያላደረገ እንደ ቀሪ ነው የሚታየው።

አያት ጨፌ፦ እንደ ነዋሪ ልናገር? የመሥሪያ ቤት ፔጅ ስከፍት የማየው የስብሰባ ፎቶ ነው። ውኃና ለስላሳ የተደረደረበት ጠረጴዛ፣ ከኋላው ባነር። ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ነርስ «ነገ ክትባት አለ፣ በጠዋት ኑ» ካለች ግን እሄዳለሁ።

የፔጁ ልጅ፦ ሲስተር ገብቶኛል። አለቃዬ ግን ቁጥር ነው የሚፈልገው። ሪፖርቱ ላይ «ሼር ያደረጉ ሠራተኞች ብዛት» የሚል አምድ አለ።

ሲስተር ከአባዶ፦ ቁጥር ከሆነ ሌላ ቁጥር ስጠው። በዚህ ወር ለ15 ወሩ ክትባት ስንት ሕፃን መጣ? መዝገቡ እዚያው አለላችሁ። ካርድ ክፍል ያለችውን ልጅ «ከማን ሰሙ?» ብላ እናቶቹን እንድትጠይቅ አድርግ። የነገውን ስክሪንሾት በተመለከተ የእገዳውን መልእክት ራሱን አሳየው። እሱም ስክሪንሾት ነው።

የኮተቤው፦ ሃሃሃ ይሄ ተመችቶኛል።

የፔጁ ልጅ፦ እየደወለ ነው፣ መጣሁ።

ዳታ አለቀብኝ፦ አፑን ሞከርከው?

ጋሽ መዝገብ፦ ልጁ ጠፋ እኮ።

እማዋ፦ ስለ ክትባት ከተነሳ አይቀር ልጠይቅ። ልጄ 17 ወሯ ነው፣ የ15 ወሩን አልወሰደችም። ቤት ስንቀይር ካርዷም ጠፋ። ይመልሱኝ ይሆን?

ሲስተር ከአባዶ፦ አይመልሱሽም የኔ እህት፣ ቢዘገይም ይሰጣል። መጀመሪያ ወደ ተከተበችበት ጤና ጣቢያ ሂጂ፣ መዝገብ ላይ ፈልገው አዲስ ካርድ ይጽፉልሻል። የተወለደችበትን ቀንና ያኔ የተመዘገበውን ስልክ ቁጥር ያዢ።