ልጄ ቢራ ይዞ ተገኝቶ ሲቴሽን ተሰጠው፤ ኮሌጅ እንዳይገባ ያደርገዋል?

ጥያቄ፦ እናት ከሲልቨር ስፕሪንግ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። ልጄ 17 ዓመቱ ነው፤ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ይገባል። ጓደኛው ቤት ፓርቲ ላይ ፖሊስ መጥቶ ቢራ ይዞ አገኘው። አላሰሩትም፤ ሲቴሽን የሚባል የጥፋት ወረቀት ጽፈው እኔን ጠርተው አስረከቡኝ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ነርሲንግ ነው መማር የሚፈልገው። ኮሌጅ አይቀበለውም ማለት ነው? ፋይናንሻል ኤይድ (የትምህርት ገንዘብ ድጋፍ) ይከለከላል? ሁላችንም ግሪን ካርድ ነው ያለን።

መልስ፦ ሃይስኩል የምሠራ

እህቴ፣ አይዞሽ። አሜሪካ ውስጥ ከ21 ዓመት በታች አልኮል ክልክል ነው፤ ሜሪላንድ ግን ይህን የምታየው እንደ ሲቪል ጥፋት እንጂ እንደ ወንጀል አይደለም። ልጅሽ 18 ስላልሞላው ጉዳዩ ወደ ወጣት ጥፋተኞች መሥሪያ ቤት ይሄዳል። ስለ አልኮል ትምህርት እንዲወስድ ወይም የማኅበረሰብ አገልግሎት እንዲሠራ ሊያዙት ይችላሉ። ቀጠሮ እንዳያልፋችሁ። ሲጨርስ የሚሰጡትን ወረቀት በደንብ አስቀምጪ።

ኮመን አፕ (ለብዙ ኮሌጆች በአንድ ቅጽ የሚመለከትበት) ስለ ወንጀል ታሪክ የሚጠይቀውን ከ2019 ጀምሮ ከጋራው ቅጽ አውጥቶታል። ስለ ትምህርት ቤት ቅጣት የሚጠይቀውንም በ2021 አስቀረው። ግን እያንዳንዱ ኮሌጅ በራሱ ተጨማሪ ገጽ ላይ ሊጠይቅ ይችላል። ጥያቄውን ቃል በቃል አንብቡት። «በወንጀል ተፈርዶብህ ያውቃል?» ካለ፣ የሲቪል ሲቴሽን እዚያ ውስጥ አይገባም። «ሲቴሽን ተሰጥቶህ ያውቃል?» ካለ ግን እውነቱን ይጻፍ። ምን እንደተፈጠረና ከዚያ በኋላ ምን እንዳደረገ በአጭሩ ይበቃል። «ጓደኞቼ ናቸው» የሚል ሰበብ አይግባበት። አንቺም አትጻፊለት፤ የወላጅ እጅ ያለበት ጽሑፍ ያስታውቃል። ለአንድ ቢራ ብሎ በር የሚዘጋ ኮሌጅ ብዙ አይደለም። ዋሽቶ ከተገኘ ግን ከተቀበሉት በኋላም ሊሰርዙት ይችላሉ።

ፋፍሳ (የመንግሥት የፋይናንሻል ኤይድ ማመልከቻ) ላይ ስለ አልኮል የሚጠይቅ ነገር የለም። ድሮ የነበረው የዕፅ ጥያቄም ቀርቷል።

መልስ፦ ነርስ ነኝ

የነርሲንግ ተማሪዎች ሆስፒታል ለልምምድ ሳይወጡ ባክግራውንድ ቼክ (የኋላ ታሪክ ማጣራት) ይደረግባቸዋል። ላይሰንስ ሲያወጣም ይጠየቃል። እንዲህ ያለ አንድ ነገር ብቻውን ከሙያው አያስቀረውም፤ ወረቀቱ ግን በእጁ ይኑር።

መልስ፦ የዲሲ ወንድም

ከኮሌጁ ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ ግሪን ካርዱ ነው። የዜግነት ማመልከቻው ኤን-400 «ተይዘህ ወይም ሲቴሽን ተሰጥቶህ ታውቃለህ?» ብሎ ይጠይቃል። ልጁ አድጎ በራሱ ሲያመለክት፣ ፋይሉ ተዘግቷል ቢባል እንኳ መግለጽ አለበት። አባቱ ዜግነት ጀምሯል?

እናት ከሲልቨር ስፕሪንግ

አዎ! ኢንተርቪው አልፏል፤ መሐላ ነው የቀረው። ልጁ ጥር ላይ 18 ይሞላል።

የዲሲ ወንድም

እንግዲያው ቶሎ በሉ። ልጁ ግሪን ካርድ ይዞ ከእናንተ ጋር እየኖረ፣ አባቱ ከጥር በፊት ከማለ ልጁም በዚያው ዕለት በሕግ ዜጋ ይሆናል። ኤን-400 መሙላት አያስፈልገውም። የመሐላው ቀን ከዘገየ የልጁን የልደት ቀን ጠቅሳችሁ እንዲፋጠን ጠይቁ። አባቱ እንደማለ የልጁን ፓስፖርት አውጡ። የልደት ሰርተፊኬቱን በእንግሊዝኛ ካላስተረጎማችሁ ከአሁኑ ጀምሩ።