የዕቅድ ውይይት፦ የሠልጣኝ አስማሚዎች የሥነ ምግባር ትምህርት

ከደብረ ማርቆስ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የጋራ ሐሳቡን እስከ ዓርብ እንጨርስ። ረቂቁ ለሥነ ምግባር የሰጠው ግማሽ ቀን ብቻ ነው፣ ለእኔ በጣም ያንሳል። የግልግልና የዕርቅ አሠራርን የሚደነግገውን አዋጅ ቁጥር 1237/2013ን አንብቦ መውጣት አንድ ነገር ነው፤ ጎረቤትህ ተጣልቶ ሲጠራህ ምን ታደርጋለህ የሚለው ሌላ።

ከሞጣ፦ ልክ ነህ ልጄ። የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ሁለት ወንድማማቾች በውርስ መሬት ድንበር ተጣሉና ጠሩኝ። በዋዜማው ማታ ታላቅየው ቤት ጎራ ብዬ አንድ ጣሳ ጠላ ጠጣሁ። ስለ ጉዳዩ ትንፍሽ አላልንም። ዱላዬን ግን ደጃፉ ላይ አስደግፌው ነበርና ታናሽየው ሲያልፍ አየው። በነጋታው ዋርካው ሥር ስንቀመጥ መሬት መሬቱን እያየ ዝም አለ። ዕርቁ ፈረሰ። ገና ስንቀመጥ «ማታ እዚያ ቤት ነበርኩ» ብዬ ብናገር ኖሮ ያ ልጅ ይሰማኝ ነበር።

ከቢቸና፦ ጋሼ፣ ስለነገሩን እግዜር ይስጥልን። ይኼን ለመለማመጃ እንውሰደው። ግን «ዝምድና ያለው አያስማማ» ብለን አንጻፍ። እኛ ዘንድ ያልተዛመደ፣ አበልጅ ያልሆነ፣ በአንድ ጽዋ ያልተቀመጠ ማን አለ? አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1994 አውጥተው በ2005 ያሻሻሉት የአስማሚዎች የሥነ ምግባር መመዘኛ እንኳ ስለ ዝምድና ሲናገር መጀመሪያ የሚለው ግልጽ አድርግ ነው። ሁለቱም ወገኖች ሰምተው ከተስማሙ መቀጠል ይቻላል፤ ነገሩ በጣም የከበደ ከሆነ ግን ይተወዋል። ለእኛም የሚሆነን ይኼ ነው።

ከፍኖተ ሰላም፦ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ሴቷን «ስለ ልጆችሽ ብለሽ ታገሺ» እያሉ ሦስት አራት ሽማግሌ ከብበው እሺ ማሰኘት ዕርቅ አይደለም። ያ መመዘኛም ከ9ኙ ነጥቦች አንደኛ ያደረገው ባለጉዳዮቹ ራሳቸው መወሰናቸውን ነው። ሠልጣኙ «እንቢ ማለት ትችያለሽ» የሚለውን ቃል አፉ እስኪለምደው ይለማመድ። ለየብቻ ሲያነጋግርም «ከነገርሽኝ የትኛውን ልንገረው?» ብሎ ሳይጠይቅ እንዳይወጣ።

ከደብረ ማርቆስ፦ እትዬ፣ ይኼ ራሱን የቻለ አንድ ቀን ይፈልጋል። እንግዲህ 2 ቀን ብለን እንጻፍ። የመጀመሪያው ቀን ዝምድናን መናገርና ምሥጢር መጠበቅ፣ ሁለተኛው የባለጉዳይ ፈቃድ።

ከሞጣ፦ የአበልና የግብዣውን ነገርም አትርሱ። ከባለጉዳዩ ቤት የሚበላው ምሳ ራሱ ሂሳብ ነው።

ከቢቸና፦ እሱን እኔ ጽፌ ነገ ማታ እልካለሁ።