ለአዲሷ መኪናዬ መጀመሪያ ፍሬን ወይስ ጎማ?

ሰላም ወገኖች። ያለሁት ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ነው። ከአራት ወር በፊት ቶዮታ ጂአር86 ገዛሁ፤ ማንዋል፣ ባለ 2.4 ሊትር ሞተር፣ 228 የፈረስ ጉልበት። ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው መሣሪያ) የላትም። አካባቢው ከባህር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ ጉልበቷን ይቀንሰዋል።

ስለዚህ መጀመሪያ ያሰብኩት ጉልበት መጨመር ነበር። የአየር ማጣሪያውን ከነቱቦው አስቀየርኩ። ድምጿ አማረ፣ ፍጥነቷ ግን ያው ነው። በሳምንቱ የሞተር ማስጠንቀቂያ መብራት በራ። የድሮውን መልሼ ሳስገጥም ጠፋ። 400 ዶላር እንዲሁ ቀረ፤ በጣም ነው ያናደደኝ።

ከዚያ ሃይ ፕሌንስ የእሽቅድምድም ሜዳ ወሰድኳት። ኩርባ ላይ እንዴት ደስ እንደምትል! ግን ከአምስት ዙር በኋላ የፍሬን ፔዳሉ እየሰመጠ መጣ። አሳርፌያት ስትቀዘቅዝ ተስተካከለ፤ ደጋግሜ ስይዝ የፍሬን ዘይቱ ግሎ ነው መሰለኝ። ባለ 17 ኢንቹ ጎማም ቶሎ ይንሸራተታል።

አሁን የቀረኝ 700 ዶላር ነው፤ ለሁለቱም አይበቃም። በወር አንዴ ሜዳ እወጣለሁ፣ በሌላው ቀን ሥራ የምሄደውም በእሷ ነው። በዚህች ብር መጀመሪያ የፍሬን ሸራና ዘይት ልቀይር ወይስ ጎማ?