የድሮ ኑዋር ፊልም ዲቪዲዬ መሃል ላይ እየቆመ አስቸገረኝ፣ የምታውቁ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች፣ እንዴት ናችሁ። የ1940ዎቹንና የ50ዎቹን የአሜሪካ ጥቁርና ነጭ የወንጀል ፊልሞች፣ ኑዋር የሚባሉትን፣ በዲቪዲና ብሉሬይ ስሰበስብ ዓመታት ሆኖኛል። አሁን በጣም የምወደው ዲስክ ሁሌ ፊልሙ እኩሌታ ሲደርስ ምስሉ ይቆራረጥና ቀጥ ይላል። አውጥቼ አምፖል ስር ሳየው አንድ ጭረት የለውም፣ ግን ጠርዙ ዙሪያውን በእስትንፋስ እንደደበዘዘ መስታወት ብዥ ብሏል፣ በለስላሳ ጨርቅ ከመሃል ወደ ውጭ ጠረግኩት ግን አልለቀቀም፣ ከውስጥ ነው መሰለኝ። ባለ ሁለት ንብርብር ዲቪዲ (ፊልሙ ከፊሉ በአንዱ፣ ከፊሉ በሌላው ንብርብር ላይ የተጻፈበት) ስለሆነ ማጫወቻው ከአንዱ ንብርብር ወደ ሌላው የሚሻገረው ጠርዙ ጋ ስለሆነ ይሆን እዛ የሚቆመው? ወይስ ችግሩ የማጫወቻዬ ነው? ሌሎቹ ዲስኮች ግን በደንብ ይሰራሉ።

ሌላ ኮፒ እንዳልገዛ አሜሪካ ውስጥ ህትመቱ ቆሟል፣ ያገኘሁት የእንግሊዝ ብሉሬይ ደግሞ ሪጅን ቢ ነው (ዲስኮች በሚሸጡበት የዓለም ክፍል ይቆለፋሉ፣ ሪጅን ቢ የአውሮፓ፣ ሪጅን ኤ የአሜሪካ ነው)፣ እኔ ሜሪላንድ ስለሆንኩ ያለኝ ሪጅን ኤ ብቻ የሚያነብ ነው። ርካሽ ኮፒ አልፈልግም፣ የ1945ቱን «ዲቱር» የሚባል ኑዋር ፊልም፣ የኮፒራይት ጥበቃ ስለሌለው ማንም እያባዛ የሸጠውን ጭጋጋም ኮፒ ስንት ጊዜ አይቼ በ2019 ክራይቴሪዮን የሚባለው ፊልም አሳታሚ ድርጅት ያወጣውን የታደሰውን ሳይ የሰዎቹ ፊት ላይ የሚወድቀው ጥላ እንኳን ጥርት ብሎ ነው የሚታየው፣ ልቤ ነው የተነካው።

እስቲ ሁሉንም ሪጅን የሚያነብ ማጫወቻ የገዛችሁ ካላችሁ የቱን ልግዛ? ደግሞ ዲስኩ ጨርሶ ሳይበላሽ ኮምፒውተር ላይ መገልበጥ የሚቻል ከሆነ እንዴት እንደሆነ ንገሩኝ፣ እባካችሁ።